የማይቆጠረው ገጽ

በጣሊያን ዘመን ደሴ ላይ ለትንንሽ ልጆች ሂሳብ አስተምር ነበር። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጥርሱ ያልተለወጠ ልጅ ፊት ቆማችሁ "ሁለትና ሦስት ስንት ነው?" ብላችሁ ካላያችሁ ግን ትዕግሥት አለኝ አትበሉ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ የለኝም።

የማስተምርበት መጽሐፍ የመጣው ከአሰብ በጭነት መኪና ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን ድረስ ወርጄ፣ በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን ተገትሬ ተቀበልኩት። ስመለስ ሐረጎ አቀበት ላይ ጉም ዋጠን፤ እኔ ግን ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ገጹን ሳገላብጥ ብርዱም አልተሰማኝ። ጽሕፈት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሥዕል ነው። ልጁ ሥዕሉን እያየ ይቆጥራል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል። መከራዬ ያበቃ መሰለኝ።

የት አባቱ! የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጣሊያን አገር ቀይ ፍሬ አለ፤ ልጆቹ አጋም ነው ብለው ቆጠሩት፤ እሰየው። ቀጥሎ ከበረዶ የተሠራ ሰውዬ መጣ፤ "ይህን ሁሉ ባዘቶ ማን ነደፈው?" እያሉ ግማሹን ጠዋት ፈጁት። ከዚያ ደግሞ እናት አሳማ ከነልጆቿ። የሼኩ ልጅ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ፊቱን አዞረ፤ የቄሱ ልጅ ተነሥቶ በመስኮት ተፋ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ልጆች አሳማ ላይ ተስማሙ። ገጹን በሙጫ አጣበቅኩት።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ምነው በቀረብኝ። የሚያውቁትን ነገር ብሥልላቸውስ? አልኩ። የዱቄት ከረጢት ወረቀት ሰብስቤ፣ በከሰልና በቀለም እርሳስ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ ላሞች ከነጥጆቻቸው፣ መጨረሻው ላይ ሐርቡ ገበያ የምትወርድ እናት ከነልጆቿ ሣልኩ። በመርፌና በሲባጎ ሰፋሁት። ላሞቹ ከቀንዳቸው እስከ ሻኛቸው የወሎ ላሞች ናቸው። ኩራቴ አላስቀምጥ ብሎኝ የትምህርት ቤቶቹን ጉዳይ ለሚያየው ጣሊያናዊ ሹም ወስጄ አሳየሁት። ወደደው። "ልጆቹን ስመጣ የምፈትናቸው በዚህ ነው" አለኝ በቋንቋው። "መቁጠር ካልቻሉ ግን የትንንሾቹ ክፍል ይዘጋል፤ ቤቱን ለሲሚንቶ ማከማቻ እፈልገዋለሁ።" ስቄ ወጣሁ። ጫጩት መቁጠር ማን ያቅተዋል?

በማግስቱ ጫጩቶቹን ገልጬ "ስንት ናቸው?" አልኩ።

ጣታቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

"ስንት ናቸው?"

"አላህ ያሳድጋቸው" አለች አንዷ።

ይህች ልጅ ከሁሉም የላቀች ነበረች። ቤተሰቦቿ ቢስቲማ ናቸው፤ እሷ ግን ደሴ፣ አሁን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ጠጠር ከሰጧት ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታቀብላለች።

"ምርቃቱን ለአክስትሽ አድርሺው። ስንት ናቸው?"

"ነፍስ ያለው አይቆጠርም ጋሼ። በረካው ይሄዳል።"

ላሞቹን ገለጥኩ። "አላህ ያብዛቸው" አሉኝ። እናትየዋንና ልጆቿን ስገልጥማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወረቀት ነው፣ ከሰል ነው ብዬ ጮህኩ። ጠረጴዛ ደበደብኩ። የሰው አገር ፍሬ ሲቆጥሩ የከረሙ ልጆች የእኔ ሥዕል ቤታቸውን ስለመሰለ እንቢ አሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። በገዛ እጄ፣ በገዛ ከሰሌ።

ጩኸቴ ሰፈር ደርሶ ኖሮ አክስትየዋ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች።

"አሰላሙ አለይኩም። ልጄ፣ የሰው ልጅ ቁጠሩ ትላለህ አሉኝ።"

"ሥዕል ነው እኮ እትዬ!"

"ሥዕልም ቢሆን አመል ይሆናል። ዛሬ የወረቀቱን ከቆጠረች ነገ የቤቷን ትቆጥራለች።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የወንድሟን ነገር ደግሞ አንተም ሳትሰማ አልቀረህም።"

ሰምቻለሁ። ታላቅ ወንድሟ ለጣሊያን አልገዛም ብሎ ከቢስቲማ በላይ ዱር ቤቴ ካለ ቆይቷል። ሰፈሩ ያውቃል፣ ሰፈሩ ዝም ይላል።

"እሱ ሌላ ሂሳብ ሌላ ነው፤ አይደባልቁብኝ" አልኳት። ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

"ወላሂ አንድ ነው" ብላ ሄደች። እኔም ከኋላዋ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እያለ ይህ አገር መቼ ነው ሂሳብ የሚያውቀው እያልኩ ብቻዬን ስነጫነጭ ዋልኩ።

ሹሙ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ለመንኳቸው። ቁጣው ካልሠራ ልመናው ይሥራ ብዬ ነው። "ነገ የጠየቃችሁን ሁሉ ቁጠሩ። የእናታችሁንም ልጆች ቢሆን ቁጠሩ። አለዚያ ከዚህ ቤት ወጣችሁ፤ ሌላ የሚቀበላችሁ የለም።" ልጆቹ ተያዩ። በመጨረሻ ያቺው ልጅ ቀና ብላ፣ "ክፍሉ እንዳይዘጋ ከሆነ እኔ እቆጥራለሁ" አለች። በደስታ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ሹሙ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠና መጽሐፌን አገላበጠ። ልጅቷን ፊት አቁሜአት ነበር። የእናትየዋን ገጽ ገልጦ ሊጠይቃት ሲል ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ መጽሐፉን ከደነው። ፈገግ ብሎ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣

"መጽሐፍ ተይ። አንቺ ቤት። ወንድም ስንት?" አላት።

መጽሐፉን ገልጬ ላቀብለው ሞከርኩ፤ በእጁ ገፋው።

"ስንት ቤት አለ? ስንት ቤት የለም?"

መቀነስ ነው። እኔው ያስተማርኳት መቀነስ። እርሳሱ በእጁ ነው። ለጨዋታ ይሁን ለሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጅቷ አየችኝ። "አላህ ያብዛቸው" በይ አልኩ በልቤ፤ ያ ሲያንገበግበኝ የከረመ ቃል ያን ጊዜ ናፈቀኝ። እሷ ግን ቃል ገብታልኛለች። እጇን አነሣች፤ አውራ ጣቷን ዘረጋች፤ አፏን ከፈተች።

"አትችልም!" አልኩ። "መቁጠር አትችልም!"

ሹሙ ወደ እኔ ዞረ።

"አንዳቸውም አይችሉም" አልኩት፣ አሁን በጣሊያንኛ። "ደክሜ ደክሜ አልሆነልኝም።"

"ኧረ እችላለሁ! ወላሂ እችላለሁ ጋሼ!"

"ዝም በይ!"

በዚያ ክፍል ስንት ጊዜ እንደጮህኩ አላውቅም፤ እንደዚያ ግን ጮኼ አላውቅም። ሹሙ ትከሻውን ሰበቀና ባርኔጣውን አደረገ። ሲሚንቶው በማግስቱ እንደሚገባ ነግሮኝ ወጣ።

ልጆቹ ተራ በተራ ሄዱ። እሷ ቀረች። ምክንያቱን እንዳልነግራት ልጅ ናት፤ ለልጅ የነገሩት ነገር ገበያ ይወጣል። ደብተርሽን ያዥና ሂጂ አልኳት። አልሰማችኝም። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ጫጩቶቹን በጣቷ እየነካች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቆጠረች። ላሞቹን ቆጠረች። እንባዋ ከሰሉን እያራሰው የእናትየዋን ልጆች ከትልቁ እስከታዘለው ቆጠረች። ከዚያ መልሴን ልትሰማ ቀና ብላ አየችኝ።

አንድም አልተሳሳተችም።