ሦስት መኪና የምትችለው ጀልባ

ምሕረቱ ያንን የሰርግ ቪዲዮ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ደሙ ፈልቷል። መጀመሪያ ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ። በሦስተኛው ያደረገውን እንደርስበታለን፤ ሰውየው ለምን እንዲህ እንደተንገበገበ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ጀልባዋን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀልባዋ ከጆበርግ በስተደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ግድብ ላይ መኪና የምታሻግር ጠፍጣፋ ብረት ናት። ማዶ ትንሽ ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ የሀብታሞች የእረፍት ቤቶችና አንድ የድግስ አዳራሽ ተሠርተዋል። ድልድይ የለም። ሚስት ብታምጥም ፍሪጅ ቢበላሽም መሻገሪያው ይህችው ብረት ናት። የምትችለው ሦስት መኪና ነው። ሦስት ብቻ።

ምሕረቱ ዘጠኝ ዓመት ነድቷታል። ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ተወልዶ በደንገል ታንኳ ያደገ ሰው ስለሆነ ውሃ አያስፈራውም፤ የሚያስፈራው ውሃ የማይፈራ ሰው ነው። የሚያድረው መሳፈሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነበር፤ ሮዘተንቪል የሚመለሰው በወር ሁለት ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ ሆድ ውስጥ የገባውን ውሃ ይቀዳል፣ የመኪና መውጫውን ሰንሰለት ግራሶ ይቀባል፣ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን ሣር እጁን ነክሮ ይነቅላል። ከዚያ ክላክሱ ይጀምራል። ባለመኪኖቹ እሱ ገና ማዶ እያለ ያንጫርሩበታል፤ ጀልባ እንደ ውሻ በፉጨት የምትመጣ ይመስላቸዋል። እሱ ግን አይቸኩልም። ከባዱን መኪና መሃል ያስገባል፣ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ከዚያ "ሁላችሁም ውረዱ" ይላል። መኪና ከተንሸራተተ ውስጡ የተቀመጠውን ሰው ይዞ ነው የሚሰምጠው። በዘጠኝ ዓመት አንድም መኪና አልሰጠመበትም። የጀልባዋ ባለቤት ኮቡስ ግን ስሙን መጥራት ስላቃተው "ማይክ" ይለዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማይክ።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ውሃውን ማንሳት በጀመረበት ሰዓት፣ አበባ የተለጠፈባቸው አራት መኪኖች እየጮሁ መጡ። ሙሽሮቹ ፍሬገነትና ዮአብ፣ ሚዜዎቹ፣ ባኪ በሚሉት ፒክአፕ ላይ የቆመ ቪዲዮ አንሺ፣ በስተኋላ ደግሞ የሙሽራዋ አጎት ሶፎንያስ። ሶፎንያስ መሃል ከተማ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። ምሕረቱ ጆበርግ የገባ ሰሞን መደብሩ ውስጥ ሁለት ወር አሳድሮታል፤ ይህንንም በተገናኙ ቁጥር ሳያስታውሰው ቀርቶ አያውቅም።

"ጋሽ ሶፎንያስ፣ ሦስቱ አሁን ይግቡ፤ የእርስዎን በሃያ ደቂቃ ተመልሼ እወስዳለሁ" አለ ምሕረቱ።

"የሙሽራ አጀብ ይቆረጣል እንዴ? ምን ዓይነት ገድ ልታመጣብን ነው? ወጉ ጠፋህ?"

"ነፋስ ተነስቷል፤ አራት አትችልም። ሙሽሮቹም ከመኪናው መውረድ አለባቸው።"

"ሙሽራ በቬሎ ነፋስ ላይ ልትቆም? አንተ ልጅ፣ የት አድረህ እንደነበር ረሳኸው?"

ምሕረቱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። "አንተ ልጅ" የምትለዋን ዋጣት። ሶፎንያስ ስልኩን አውጥቶ ኮቡስ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘለት። የኮቡስ መልስ አጭር ነበር።

"ማይክ፣ አንተ ሰውዬ፣ ጫናቸው። ካልሆነ ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ።"

ይሄኔ ምሕረቱ ነደደ። አንዱ ባሳደረበት ብርድ ልብስ፣ ሌላው በሚከፍለው ደሞዝ፣ ሁለቱም ውሃውን ሳያውቁት ሰው ሊያስጨርሱት ነው። ቁልፉን ነቅሎ ሶፎንያስ መዳፍ ላይ አኖረው።

"እንኩ። እርስዎ ይንዷት።"

ሶፎንያስ ቁልፉን ይዞ ቀረ። ክላክሱም ጸጥ አለ። ከዚያ የሙሽሮቹ መኪና በር ተከፈተ። ፍሬገነት በክፍት መስኮት ሁሉንም ሰምታ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ ቬሎዋን በክንዷ ሰብስባ ወረደችና ከአጎቷ እጅ ቁልፉን ወስዳ ለምሕረቱ መለሰችለት።

"ያሻግሩን፣ ጋሼ። ቆሜ እሄዳለሁ።"

ሦስቱ መኪኖች ገቡ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ የሶፎንያስ መኪና ዳር ቀረች። ውሃው መሃል ሲደርሱ ማዕበል ከኋላ መጥቶ ባዶውን ብረት ጠርጎት አለፈ፤ አራተኛዋ መኪና ብትኖር የምትቆመው እዚያ ነበር። ሙሽራዋ ያንን አየች። ምሕረቱም ማየቷን አየ።

ለሶፎንያስ ሲመለስ ሰውየው ውረድ ሳይባል ወረደ፤ እስኪሻገር ድረስ የጀልባዋን የጠርዝ ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር።

"ልክ እንደነበርክ ለኮቡስ እኔ እነግርልሃለሁ" አለ ማዶ ሲደርሱ።

አልነገረለትም። ሰኞ ጠዋት ምሕረቱ ከሮዘተንቪል ሲመለስ የቆርቆሮዋ ክፍል ቁልፍ ተቀይሮ፣ ሻንጣው ውጭ ተቀምጦ ነበር። አሁን ኮዝሞ ሲቲ በሚባል የጆበርግ ሰፈር በሰው ሱቅ፣ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦ ይሸጣል።

ቪዲዮው ላይ ነፋሱ የፍሬገነትን ዓይነ ርግብ ሲያነሳው ያየ ሁሉ "እንዴት ያምራል" ይላል። ከምሕረቱ የሚታየው መሪ የያዘ እጁ ብቻ ነው። ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ ሶፎንያስ ማይክራፎን ይዞ ይነሳል። "ማዕበሉ ሳይበግረን፣ አጀባችን ሳይቆረጥ ተሻግረናል" ይላል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

በሦስተኛው ጊዜ ሶፎንያስ ራሱ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጭብጨባው ሲሰማ ፈገግ አለ። ምሕረቱ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። የጎረሰ ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

"ተቆርጦ ነበር" አለ ምሕረቱ፣ ሶፎንያስን ዓይን ዓይኑን እያየ። "እነዚህ ሰዎች ያልሰጠሙት አጀቡ ስለተቆረጠ ነው። የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ስሜ ምሕረቱ ነው።"