የሀኒፋ ወሬና የእኔ ጨው

ወሬ የሚያበዛ ሰው አልወድም። ሀኒፋን ግን እግዜር ያቆይልኝ። ፉሪ ላይ ከቤታችን ትይዩ ሱቅ አላት፤ ማን ስንት ሊትር ዘይት እንደገዛ ሳይቀር ታውቃለች።

ያን ሰሞን ጨው ጨው አሰኘኝ። ሎሚ በጨው፣ ቲማቲም በጨው፣ አንዳንዴም ጨዉን ብቻውን። ሀኒፋ በሳምንት ሁለቴ ስገዛ አይታ "ትሩፋት አርግዛለች፣ አምሮቷ ጨው ነው" ብላ ለሰፈሩ አዳረሰችው። እኔና ባለቤቴ ሲራክ ከተጋባን ስድስት ዓመታችን፤ ልጅ እንደጠበቅን ነበርን። ሰዉ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" እያለ ይስመኛል። አማቴማ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ይዘው ከመካኒሳ መጡ። ብመረመር ምንም የለም። አለቀስኩ። ሀኒፋንም "ምላስሽን ሰብስቢ" አልኳትና ተኮራረፍን፤ ጨዉንም ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ።

እየከሳሁ፣ እየጠቆርኩ ሄድኩ። ፀሐዩ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ሲያስመልሰኝ አድሮ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወደቅሁ። ከሲራክ ጋር አፋፍሳ ታክሲ ውስጥ ያስገባችኝ ያችው ያኮረፍኳት ሀኒፋ ናት።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶልኝም የደም ግፊቴ ከፍ አልል አለ። ሀኒፋ ሐኪሙ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት።

"ዶክተር፣ ይስሙኝ። ይቺ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ጨው ስትቅም ነው የከረመችው። አርግዛለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው። ድዷንም ይዩት፣ ጠቁሯል።"

ሐኪሙ ተመልሶ ድዴንና የመዳፌን መስመሮች አየ። ደም አስቀድቶ፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ መርፌ አስወጋኝ። ሳይመሽ ነፍስ ዘራሁ።

በኋላ አስረዳኝ። ከኩላሊት በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። አንዱ ሆርሞናቸው ጨው ከሰውነት እንዳያልቅ ይይዛል፤ ኮርቲሶል የሚባለው ደግሞ ሕመምና ድንጋጤ ሲመጣ ሰውነት እንዲቋቋም ያደርጋል። የእኔዎቹ ሥራ አቁመዋል። ጨው ያሰኘኝም ሰውነቴ የጎደለውን ፈልጎ ነው። "በመርፌ የሰጠንሽን ሆርሞን ዕድሜ ልክሽን በኪኒን ትወስጃለሽ፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ" አለኝ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሀኒፋ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት፣ እንዴት አደርሽ ሳትል "ዋጥሽ?" ነው የምትለኝ። በፊት ይጎረብጠኝ ነበር፤ አሁን ካልጠየቀችኝ ቅር ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ማርገዜ ሲረጋገጥ፣ ከሲራክ ቀጥሎ የነገርኩት ለእሷ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

"ለማንም ትንፍሽ አልልም፣ ምላሴ ይቆረጥ" አለችኝ።

"ለሰፈሩ ሁሉ ንገሪልኝ እንጂ" አልኳት።