የስፌት መኪናዬ ትምህርት ቤት

ልጄ ደብተር ላይ ስታፈጥ ፊደሉ ይጠፋባታል፤ በጆሮዋ የገባ ግን አይወጣም። ቡታጅራ ውስጥ ይህን የሚረዳልኝ አስተማሪ አጣሁ። ያኔ ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ የቡድኗ ልጆች "ውጤታችንን ጎተተችብን" እያሉ አስለቀሷት። ንድድ አለኝና ከሦስተኛ ክፍል አስወጥቼ ልብስ ስፌት ቤቴ አስቀመጥኳት።

እኔ እየሰፋሁ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ልክ ስትሆን የመኪናውን መርገጫ እረግጣለሁ፤ ስትሳሳት አቆማለሁ። መኪናው ጸጥ ሲል "ቆይ፣ ቆይ እማዬ!" ብላ ራሷ ታርመዋለች። ማባዛቱን፣ ወንዞቹን፣ የደም ዝውውሩን፣ ሁሉንም እንዲህ ተማረች። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ሜትሩ ትከሻቸው ላይ እንዳለ ቆመው ያዳምጧት ነበር።

የልብ ጓደኛዬ ልጄ በወጣችበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቤተ ክርስቲያን ስንዘምር ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጄ አምስተኛ ክፍል ከእኩዮቿ ጋር እንድትገባ ፈተና ማለፍ አለባት ሲሉኝ፣ ጓደኛዬ ስፌት ቤቴ መጥታ፣ ልጄ እየሰማች፣ "በጌታ ፊት ነው የምነግርሽ! ዳይሬክተሩን እኔ አናግረዋለሁ፤ ጥያቄውን እያነበብኩ በቃል እፈትናታለሁ። አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ያንቺ ልጅ ልጄ አይደለችም?" አለችኝ። እኔም አምኜ እንቅልፌን ተኛሁ።

የፈተናው ቀን ፈታኟ እሷው ነበረች። ልጄን አይታ እንደማታውቅ ወረቀቱን ሰጥታት አለፈች። "እትዬ፣ አታነቢልኝም?" ስትላት፣ "ዝም ብለሽ ሥሪ!" አለቻት። ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰ፤ ልጄ ወደቀች።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። "እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ብትጠይቀኝ እኔ ምን ገዶኝ! አሁን ግን ውጤቱ ተላልፏል፤ ለከርሞ ትሞክር" አለኝ። ለካስ ጓደኛዬ "ዘገምተኛ ልጅ በዘመድ አስገባች እንዳልባል" ብላ ፈርታ ኖሯል። ይህንንም አብረውን ለሚዘምሩት ሁሉ አውርታለች፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠላቴ ብታደርገው አንጀቴ እንዲህ ባልቆሰለ ነበር።

በሳምንቱ ዓይኗን በጨው አጥባ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች! ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ስፌቴን ቀጠልኩ።

"ምነው ኩርፊያ? እኔ እኮ 'እሞክራለሁ' ነው ያልኩሽ፤ ቃል አልገባሁም" አለች።

ልጄ ከዱካዋ ሳትነሳ "በጌታ ፊት ነው የምነግርሽ!" ብላ ጀመረች። ቃል በቃል ነው የደገመችው። የድምፅዋ አወጣጥ፣ ቃሉን የምትጎትትበት ቦታ ሳይቀር የጓደኛዬ ነበር። "ያንቺ ልጅ ልጄ አይደለችም?" እስከሚለው ድረስ አንድም አላጎደለችም። ጓደኛዬ ቀሚሷን ሰብስባ ያዘች።

ልጄ ስትጨርስ እሷን አላየቻትም። እግሬን ነው ያየችው። መርገጫውን እየረገጥኩ ነበር።