ርካሹን የጎሽ አደን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ሚስቴ አታውቀውም፤ ፓስተራችንም አያውቅም። ሙሉውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም ቀብረነዋል። አሁን አንተ ልትሰማው ነው። ሰምተህ ካዘንክልኝ ግን በደንብ አልገባህም ማለት ነው።

ሙዱላ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊም ነኝ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገር፣ ሰው ሁሉ «ትሑት ነው» የሚለኝ ዓይነት።

የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ አሁን የሆሳዕና ነጋዴ፣ ሁለት የአዲስ አበባ እንግዶች ይዞ አንድ ሆቴል አስጠራኝ። ጎሽ መግደል አምሯቸዋል። ቦርጫቸው ጠረጴዛውን እየገፋ፣ ያልተረገጠበት ቡት ጫማ አድርገው፣ «ጥሩም ርካሽም የሆነ ቦታ የት ነው?» ይላሉ፣ ሙክት እንደሚያማርጥ ሰው። እኔም አገር አውቃለሁ ባይ ነኝና ተመቸኝ። ወረቀት አውጥቼ ቦታዎቹን ደረደርኩላቸው። እዚህ ፈቃድ ይጠየቃል፣ እዚያ ጠባቂ አብሮ ይሄዳል፣ ያኛው ሩቅ ነው። መጨረሻ ላይ ከሙዱላ ቁልቁል ያለውን የኦሞ ወንዝ ዳርቻ አሳየኋቸው። ጠያቂ የለበትም፣ መንገድ መሪውም ዘመዴ ነው አልኳቸው። እኛ እንዲህ ነን፤ ዘመድ ካለበት ሕግ የማያስፈልግ ይመስለናል። ምን ላገኝ ብዬ? እነዚያ ሰዎች «አንተማ ጎበዝ ነህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ እንዲያደርጉኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ዘመዴ ያልኩት አጎቴን ሎላሞን፣ የእናቴን ወንድም ነው። በወጣትነቱ ጎሽ ገድሏል። ድሮ በኛ አገር ጎሽ የገደለ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለት ነበር፣ በደረሰበት ይዘፈንለት ነበር፣ በሰርግም በለቅሶም ከፊት ይቀመጥ ነበር። አጎቴ ጌታን ሲቀበል ያን ሁሉ ትቶ መጣ። ከጎሹ ቀንድ የተሠራውን ዋንጫ በምእመናን ፊት እሳት ውስጥ ጣለው፤ ሁለተኛ «ጎሽ ገዳይ» ብለው እንዳይጠሩትም ለመነ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። እያወቅሁ ሄድኩበት።

እምቢ አለኝ። በማግስቱም እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዋሸሁት። «ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ ጎሹ ውሃ የሚጠጣበትን ቦታ ብቻ ያሳዩአቸው» አልኩት። አመነኝ፤ የእህቱ ልጅ ነኛ።

ወንዙ አጠገብ ደርሰን ጠመንጃዎቹ ከመኪናው ሲወጡ አጎቴ ዞሮ አየኝ። ወደ መጣበት መመለስ ጀመረ። ከእንግዶቹ አንዱ ግን አንድ ጎሽ ገና በሩቁ ተኩሶ አቆሰለ። የቆሰለ ጎሽ ሰው አይመርጥም፤ ሣሩን ጥሶ መጥቶ አጎቴን አገኘው። አዳኞቹስ? ወደ መኪናው ሮጡ። እኔስ? እኔ ቀድሜያቸው ገባሁ። መኪናችን ከሄደ በኋላ አጎቴን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

ወሬው ለገበያ ቀን ደረሰ። ሎላሞ አዳኝ መርቶ ወደ ድሮ ክብሩ ተመለሰ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ እኔ እስክሪብቶ ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው «አጎትህ ነው፤ የምታውቀው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ እንደመራቸው ይባላል» አልኩ። ይባላል አልኩ። የተባለውን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

አጎቴ በክራንች ገባ። ሲጠየቅ መጀመሪያ እኔን አየኝ። «አዎ፣ የመራኋቸው እኔ ነኝ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ከኅብረት የታገደበትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሑድ በምእመናን ፊት ያነበብኩትም እኔ ነኝ፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል። ጎሹ የሰበረው አንድ እግር ብቻ ነው።

ቤቱ ሄጄ ለምን እንዳላጋለጠኝ ጠየቅሁት። «አንተ የልጆች አስተማሪ ነህ» አለኝ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ከኋላ ወንበርም ቃሉ ይሰማል።» እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ብዬ።

የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ሁሉ ሳህኑን የማዞረው እኔ ነኝ። የታገደ ሰው አይወስድም። እሱ ጋ ስደርስ አልታጠፍ ያለውን እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ መንገድ ይለቅልኛል። አልፋለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ አለፍኩት።

የእገዳው ጊዜ ሲያበቃ ክራንቹን ተደግፎ ተነሣና በእኔ ኃጢአት ይቅርታ ጠየቀ። እንደ ልማዳችን ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እጁን ጨበጡት። እኔም ሄድኩ። ዓይኑን እያየሁ «ይቅር ብለንዎታል» አልኩት። «ጌታ ይባርክህ፣ የእህቴ ልጅ» አለኝ። ማሽሟጠጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር፤ ከልቡ ነው።

ባለፈው ክረምት ሞተ። የሕይወት ታሪኩን መቃብሩ ላይ ያነበብኩት፣ የእግሩን ነገር «በደረሰበት አደጋ» ብዬ ያለፍኩት ማን ይመስልሃል?

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው እኔ ራሴ ይቅር ያልኩት ሰው ነበር። ለምእመናኑ ተናገር ትለኝ ይሆናል። እኔም በየሳምንቱ ለራሴ እንዲያ እላለሁ። የፊታችን እሑድ የጌታ እራት አለ፤ ሳህኑን የማዞረው እኔ ነኝ።