እስከ ዓርብ

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲወስዱኝ ጣቶቼ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። ምክንያቱን ባይነግሩኝም፣ በስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። ያስገቡኝ አዳማ ውስጥ ካለ ጣቢያ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው የሚግል ጠባብ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ፍራሽ አለ። አንዱ ላይ ከሻሸመኔ የመጡ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ እናት ተቀምጠዋል። «አዴ በይኝ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። በምን እንደያዟቸው አልጠየቅኳቸውም።

አዴ ጠዋት ጠዋት ፌስታላቸውን ይዘው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ኃላፊ «እስከ ዓርብ ነው» ብሏቸዋል፤ ሌላ ምንም አላላቸውም። የለበሷት አንዲት ቀሚስ አንገቷ ላይ የላብ ጨው ሠርታለች። ልጠብልዎት ስላቸው፣ «ድንገት ቢጠሩኝስ? እርጥብ ለብሼ ልውጣ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂያችን በሩን ከፈተች። በርቀት የምትማር ወጣት ፖሊስ ናት።

«አንቺ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ አይደል? ‹ባይ› እና ‹አንቲል› ሁለቱም ‹እስከ› ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ዝም ልላት አሰብኩ። ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቼም ይሳሳቱታል።

«‹እስከ ማታ ጠብቂኝ› ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እስኪመሽ እጠብቅሻለሁ።»

«‹እስከ ማታ ሥራውን ጨርሺ› ብልሽስ?»

«በዘጠኝም በአሥርም ልጨርሰው እችላለሁ። ብቻ እንዳይመሽብኝ።»

«የመጀመሪያው ‹አንቲል› ነው፤ መጠበቁ ሳይቋረጥ እስከዚያ ይዘልቃል። ሁለተኛው ‹ባይ› ነው፤ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ቀደም ቢልም ችግር የለውም። ግሱን እዪ። መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት ከ‹አንቲል› ጋር ይሄዳሉ። መጨረስ፣ መድረስ፣ መመለስ ከ‹ባይ› ጋር።»

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው። ያኔ አዴ ከፍራሻቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ የእኔ ‹እስከ ዓርብ› የትኛው ነው?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። «አላውቅም፣ እማማ።»

«ጠይቂልኛ።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።»

«አንቺ ጠይቀሽ መለስኩልሽ» አልኳት። «የእኛ ደግሞ ይቺ ብቻ ናት።»

በሩን ስባ ቆለፈችው። ሊመሽ ሲል ግን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ‹አንቲል› ነው» አለችና ሄደች።

«ዓርብ ድረስ እዚሁ ነዎት፣ አዴ። ከዚያ በፊት አይጠሩም» አልኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«በይ ሳሙና ስጪኝ» አሉ።

በማግስቱ የእኔን ጋቢ ለብሰው ግቢው ቧንቧ ላይ ቀሚሳቸውን አጠቡ፤ አንገቷን ደጋግመው አሹት። ሽቦ ላይ አስጥተው እስክትደርቅ አጠገቧ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዓርብ ተጠሩ። ቀሚሳቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ግንባሬን ሳሙኝና «ናጋቲ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ሁኚ ልጄ ማለታቸው ነው።

ለእኔ «እስከ» ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ማንንም ሳልጠብቅ ልብሴን አጠብኩ። ከሳምንታት በኋላ፣ እንዳስገቡኝ ሁሉ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ።

አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስለዚያ ክፍል ብዙም አላወራም። ሰውን ጠብቀኝ ስል ግን ሰዓቱን እናገራለሁ፤ ትንሽ ካረፈድኩም እደውላለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሳቅ።