ፍሬቻ ሳበራ አብሮ ብልጭ የሚለው የጭጋግ መብራቴ

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ላይ የግራ ፍሬቻ ሳበራ፣ ያላበራሁት የጭጋግ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ትራፊኳ አስቆመችኝና «ሰርግ አለብህ እንዴ?» አለችኝ።

መብራቱን ከወር በፊት የገጠመልኝ የሰፈሬ ልጅ ኤልያስ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ተመልሼ እንድመጣለት ሆን ብሎ ያበላሸው መሰለኝ።

ሱቁ ሄጄ ደንበኞቹ ፊት ጮኽኩበት። ኮፈኑን ከፍቶ ሊያይልኝ ሲል «ደግሞ ምን ልትፈታብኝ ነው?» ብዬ ከለከልኩት። አንዱ ደንበኛ ይህን ሲሰማ መኪናውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ አፍንጮ በር፣ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ አንጋፋ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። እሳቸውንም አላመንኩም፤ ካቻቢቴያቸውን ባነሱ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ።

«ይቺን የማሳ ሽቦ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት የምትመልሰዋን፣ ማን ነው ከቦታዋ ያነሳት?» አሉኝ። «ቀለም ላይ ታስራለች እኮ! ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የፍሬቻው ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በጭጋግ መብራቱ በኩል ይዞራል።»

ባለፈው እሁድ ጡሩምባ ስቀይር ሽቦዋን ፈትቼ ሌላ ቦታ ያሰርኳት እኔው ነኝ።

ጋሽ ሙሄ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው አሰሯት፤ መብራቱም አደብ ገዛ።

ኤልያስ ጋ ተመልሼ ሰው ሁሉ እየሰማ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። የሄደው ደንበኛ ግን አልነበረም።

«ይሁን» አለኝ ኤልያስ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ከእንግዲህ ግን የምታምነው ሰው ጋ አሠራ።»

እናንተስ ያለጥፋቱ የጮኻችሁበት ሰው አለ? እንዴት ታረቃችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ነገም በሱቁ በር ነው የማልፈው።