ጡዘቱ ላይ ሳይደርስ የታረቀው ፊልም

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ አራት ሽማግሌዎች የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። አንደኛው አጎቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ራቅ ብሎ መሬት መሬት እያየ ቆሟል።

«ና ልጄ፣ እዚህ ቁም» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ዛሬ ሳትታረቁ ከዚህ አትሄዱም።»

እኔ ከማን ጋር እንደተጣላሁ አላውቅም...

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ጊዜው የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ እየታተመ በየሱቁ የሚቸበቸብበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ደራሲ ሲሆን እኔስ ከማን አንሼ? አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የፊልም ጽሑፍ ኮርስ ገባሁ። አስተማሪያችን ጥቁር መነጽሩን ክፍል ውስጥም የማያወልቅ ሰው ነበር። ትምህርቱ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ታሪክህን ለሦስት ክፈለው። መጀመሪያ ላይ ሰውየው የሚፈልገውን ነገር አሳየን። መሃል ላይ ከልክለው፣ አባብስበት፣ እንቅልፍ አሳጣው። መጨረሻ ላይ ጡዘት የሚሉት አለ፦ ወይ ይግደል ወይ ይሙት። መጻፍ ከመጀመርህ በፊት ግን ታሪኩን ፊልም ለማያውቅ ሰው በቃልህ ንገረው... «ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቀህ ሠርቷል ማለት ነው።

አንድ ፕሮዲዩሰር «እስቲ የታሪኩን ዕቅድ ሠርተህ አምጣውና እንነጋገር» ሲለኝ ሥራዬን ለቅቄ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ቀየት ሄድኩ። አዎ፣ «እስቲ» በምትል ቃል ሥራ ለቀቅኩ። ዕቅዱ ካልተወደደ የምመለስበት ቢሮ አልነበረኝም። ወንድሜ ቤት አረፍኩ። አጎዛ አንጥፎ፣ ጋቢ ደርቦ በክብር አስተኛኝ።

ታሪኬ ይሄ ነበር። አንድ ሰው ከተማ ይኖራል። አባቱ ሲሞቱ ታላቅ ወንድሙ የገብሱን ማሳ ጠቅልሎ ይይዛል። ታናሽየው «ድርሻዬን» ብሎ ይመጣል፣ ይከለከላል፣ ነገሩ ይካረራል፣ መጨረሻ ላይ ይገዳደላሉ። ከራሴ ሕይወት የወሰድኩት አባታችን መሞታቸውንና ማሳውን ብቻ ነው። ከወንድሜ ጋር በክፉ ዓይን ተያይተን አናውቅም።

ይህንን ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። በግ እየሸለቱ ነበር። መሃል ላይ መቀሱን አስቀመጡ።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ኮርሱ እውነቱን ነው!

«ከዚያማ ታናሽየው መሣሪያ ይገዛል።»

«ገዝቷል ወይስ ሊገዛ ነው?»

«እሱን ገና አልወሰንኩም።»

«መግደሉንስ... መቼ አስቧል?»

«ለጥምቀት ባደርገው ደስ ይለኛል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን ያምራል።»

ጋሽ ደምሴ አማተቡ። እኔ ታሪኩ ልባቸውን ነክቷቸው ነው ብዬ ወደ ወንድሜ ቤት በኩራት ሄድኩ።

ፊልም እንደሆነማ ገና ስጀምር ነግሬያቸዋለሁ። ግን በእኛ አገር የጨነቀው ሰው ምክር ሲፈልግ «አንድ ሰው አለ፣ ወንድሙ በደለው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያ «አንድ ሰው» ማን እንደሆነ ሰሚው ያውቃል፣ ላለማሳፈር ብሎ አይጠይቅም። ጋሽ ደምሴም ፊልም የምትለውን ነገር የእፍረቴ መሸፈኛ አድርገው ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ሰበሰቡ።

ካቡ ሥር ቆሜ «አባቶቼ፣ ፊልም ነው እኮ!» ብል ማን ይስማኝ?

«ፊልሙ ይቆይህ» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት። «ለመሆኑ ሁለት ወንድማማች እስኪገዳደሉ ድረስ ያ አገር ሽማግሌ የለውም?»

«ሽማግሌ ከገባበትማ ታሪኩ መሃል ላይ ያልቃል።»

«ይለቃ!»

ስለ ጡዘት ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተስ፣ በልብህ የያዝከው ነገር አለ?»

አሁን ይስቅና እንገላገላለን ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገና «አለኝ» አለ።

«ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። በነጋታው ግን ማሳው ላይ አየሁት። በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወሰኑን ያያል። ወዲያ ይራመዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። እንግዲህ መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር የሚታደልበት ሰሞን ነው... ሊወስድብኝ መጣ አልኩ። እንዳልጠይቀው እሱ የተማረ ነው፣ እኔ በምን አፌ እከራከረዋለሁ?»

ለካ ካሜራው የት እንደሚቆም ስመርጥ አይቶኛል።

«ከዚያስ?» አሉት ጋሽ ደምሴ።

«ከዚያማ... የአባታችንን ምንሽር ጠመንጃ አውጥቼ ወለወልኩት።»

እኔ አጎዛው ላይ ተጋድሜ የግድያውን ትዕይንት ሳሳምር፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ የራሱን ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሟል። በጣም ፈራሁ። ከፍርሃቱ በላይ ግን እኔን ለመጠየቅ መፍራቱ አንጀቴን በላው።

«ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ማሳ አንዲት እርምጃ አልፈልግም» ብዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ማልኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በብብቴ ይዞ አነሳኝ። እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፣ ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ወንድሜም የዚያኑ ዕለት በግ አረደልኝ።

ከዚያ በኋላ ብሞክር ብሞክር ወንድማማቾቹን ማገዳደል አቃተኝ። እጄ እምቢ አለ። መሃል ላይ አስታርቄያቸው ዕቅዱን አዲስ አበባ ይዤ ገባሁ። ፕሮዲዩሰሩ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ጡዘቱ የታለ?» አለኝ።

«ሽማግሌዎች ገቡበት» አልኩት።

ፊልሙ እስከ ዛሬ አልተሠራም... ሟቹ ግን ይኸው እየጻፈላችሁ ነው።